ጓያ «ወሬ ነው» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከቨርጂኒያ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ። «እስቲ አንብበውና ምን እንደምትል ንገረኝ። እኔ እንኳ ጀምሬዋለሁ» ትላለች። አክስቴ የዛሬ ሁለት ዓመት የጡት ካንሰር ይዟት ታክማለች። አሁንም ክትትል ላይ ናት። «ጀምሬዋለሁ» የምትለዋ ቃል ክው አደረገችኝ።

ጽሑፉ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል። ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ተፈጥሮ የሰጠን ነገር አይጎዳም፤ መርዝ የሚመጣው ከፋብሪካ ነው። ጓያ ሽባ ያደርጋል የሚባለው ድሃውን ከርካሽ ምግቡ ለማራቅ የተነዛ ወሬ ነው፤ እሸቱማ ለልጆች ጥሩ መክሰስ ነው። ዘር ሲዘፈዘፍ፣ ሲቆላና ሲቀቀል «ሕይወቱ ይወጣል»፤ ስለዚህ በጥሬው ይበላ። አፕሪኮት የሚባለው ኮክ መሰል ፍሬና የኮክ ድንጋይ ውስጥ ያለችው ፍሬ «ቫይታሚን ቢ17» ስላላት ካንሰርን ትገድላለች። በመጨረሻም፣ አባቶቻችን ይህን ሁሉ በልተው መቶ ዓመት ኖረዋል።

እኔ ፎገራ ሜዳ ዳር ነው ያደግኩት። ለዓመታት የሠራሁት ደግሞ የምግብ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። በቅን ልብ እንደጻፉት ግን እገምታለሁ። አንድ ነገር ላይም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ ኑግና አብሽ ትልቅ ሀብታችን ናቸው። እነሱን ትተን ለስላሳና ብስኩት ላይ መውደቃችን ያሳዝናል። ይህን ያሉት እውነት ነው። የተቀረውን ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም።

«ተፈጥሮ አይጎዳም» ከሚለው ልጀምር።

ተክል እግር የለውም። ነቀዝ ሲመጣበት፣ ወፍ ሲያርፍበት፣ ከብት ሲግጠው ሮጦ አያመልጥም። ዘሩ ደግሞ ልጁ ነው። ስለዚህ ብዙ ተክል ልጁን የሚጠብቀው በመራራ፣ በሚያቃጥል ወይም በሚመርዝ ነገር ነው። ይህን ያስቀመጠው ፋብሪካ አይደለም።

ጉሎን አስቡት። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ የሚያሟሹት በጉሎ ፍሬ ነው። ፍሬው ዥንጉርጉር ነው፣ ያምራል፣ ልጅ ሲያየው መጫወቻ ይመስለዋል። ውስጡ ግን ሪሲን የሚባል መርዝ አለ። ጆርጂ ማርኮቭ የተባለ የቡልጋሪያ ስደተኛ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ የተገደለው በዚሁ በሪሲን ነው። እግሩ ላይ የተተኮሰችበት ጥይት የመርፌ ራስ ታክላለች። ከጉሎ የሚወጣው ዘይት ለመድኃኒትነት የሚያገለግለው ሪሲኑ ከዘይቱ ጋር ስለማይወጣ ነው። ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። የተረፈውንም ሙቀት ይሰብረዋል። ምጣዱም የሚሟሸው በእሳት ነው። ከአንዲት ፍሬ መርዝም መድኃኒትም ወጣ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሰው እጅ ነው።

እናቶቻችን ስንዴ ከመፍጨታቸው በፊት ተቀምጠው እንክርዳድ የሚለቅሙትም ለውበት ብለው አይደለም። እንክርዳድ የበዛበት ዳቦ ራስ ያዞራል። እንክርዳድም ተፈጥሮ ነው።

አሁን ወደ ጓያ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከአክስቴ ቀጥሎ ይህ ነው።

ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የሆነ አንድ ሰው ነበር። በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። ተረከዙ መሬት አይነካም። በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ ጉልበቶቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ እየጎተተ ይራመዳል። ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ለኛ ለልጆች የአምስት ደቂቃ ሩጫ ነበር። እሱ እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሣው። ከወገቡ በላይ ግን ጠንካራ ሰው ነው። ንግግሩ ጥርት ያለ ነው። ክንዱ ብርቱ ነው። «ያምሃል?» ሲሉት «ኧረ ምንም አያመኝም፤ እምቢ አለኝ እንጂ» ይላል። አገር ምድሩ የሚለው አንድ ነገር ነው። «ጓያ ሰበረው።»

በአንድ ክፉ ዓመት ጎተራ ውስጥ ከጓያ በቀር ምንም አልነበረም አሉ። ወራት ያንኑ በላ። አንድ ቀን ሙሉ ሲያርስ ውሎ ደክሞት ተኛ። ጠዋት ሊነሣ ሲል እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀው ጠበቁት። ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም።

ጓያ ውስጥ ያለው ነገር ቤታ ኦዳፕ ይባላል። ህንድ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት። ነርቭን ከመጠን በላይ እየቀሰቀሰ ያደክመዋል፣ በኋላም ይገድለዋል። የሚያጠቃው እግርን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ነው። አእምሮን አይነካም፣ ስሜትንም አያጠፋም። ጎረቤታችን «ምንም አያመኝም፤ እምቢ አለኝ እንጂ» የሚለው የተጎዳው ማንቀሳቀሻው ብቻ ስለሆነ ነው። አንዴ ከተሰበረ ደግሞ ተመልሶ አይጠገንም። እስከ ዛሬ መድኃኒት የለውም።

አልፎ አልፎ ጓያ የገባበት ሽሮ የቀመሰ ሰው ይሰበራል ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። አደጋው የሚመጣው ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ከሚበላው ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ጓያ የሆነበት ሰው ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ነው የሚያሰጋው። በብዛት የሚመታውም ወጣት ወንዶችን ነው።

«ወሬ» ነው ያሉት ነገር እኛው አገር በእግር እየተዞረ ተጠንቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደምቢያና ፎገራ ድረስ ወርደው ሽባ የሆኑትን ቤት ለቤት ቆጥረዋል። ምን እንደበሉም ጠይቀዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ሲቀር በሽታው እንደ ወረርሽኝ ተነሣ። ያንን የመረመሩት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና አብረዋቸው የሠሩት ሰዎች በጣም ጠቃሚ ነገር አገኙ። ጓያውን ቆልተው፣ በንፍሮ መልክና በእሸትነቱ በጥሬው የበሉት በብዛት ተሰበሩ። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት፣ አቡክተው ጋግረው የበሉት ግን የተሻለ ተረፉ።

ምክንያቱ አለው። ጓያ ድኝ (ሰልፈር) ያለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ይጎድሉታል። ነርቭ ራሱን ከዚህ መርዝ የሚከላከለው በእነሱ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ ደግሞ አላቸው። ስለዚህ ጓያው ላይ እህል ሲጨመር መርዙ ድርሻው ይቀንሳል፣ ሰውነትም መከላከያ ያገኛል።

አሁን ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። «እሸቱ ለልጆች ጥሩ መክሰስ ነው» ይላል። ከሁሉም አደገኛ ከተባሉት አበላሎች አንዱን መርጦ፣ ለልጅ ስጡ አለ።

ወሬው የኛ ብቻ ቢሆን እንኳ እሺ። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለችው ቫፕኒያርካ የሮማኒያ ባለሥልጣናት አይሁዳውያንን ካምፕ ውስጥ አስረው ነበር። የቀን ቀለባቸው 400 ግራም ያህል ለከብት የሚሆን ጓያና ትንሽ ዳቦ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ በመቶዎች የሚቆጠሩት እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት ሐኪም ዶክተር አርተር ኬስለር ምክንያቱ ጓያው መሆኑን ደረሱበት። እስረኞቹም አንበላም ብለው አደሙ። ዶክተሩ በኋላ እስራኤል ገብተው እነዚያን ሕሙማን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። የቫፕኒያርካው እስረኛና የፎገራው ጎረቤታችን አይተዋወቁም። አካሄዳቸው ግን አንድ ነው።

ጸሐፊው የነኩት አንድ እውነት አለ። ጓያ የድሃ ምግብ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው ይደርቃል፣ ጓያ ግን ይቆማል። ውሃ በቋጠረ ዋልካ መሬት ላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በቀረችው እርጥበት ብቻ ያፈራል። ገበሬው ምን ያድርግ? ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር፣ ሰው ግን ማብቀሉንም መብላቱንም አልተወም። እኔም ክልከላን አልደግፍም። ኦዳፑ የቀነሰለት ዋሴ የሚባል ዝርያ አገራችን ውስጥ ተለቋል። እንዲህ ያለው ዘር ገበሬው እጅ ይድረስ እላለሁ። እስከዚያው ግን ምንም አማራጭ የሌለው ሰው ቢያንስ እንዴት አብስሎ እንደሚበላው ማወቅ አለበት። «ወሬ ነው» ብሎ መጻፍ ያችን አንዲት መከላከያውን መቀማት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጓያው በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ያ ውሃ ይደፋል። እንደገና በብዙ ውሃ ይቀቀላል፤ ያም ይደፋል። ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ሁሉም ግን አይወጣም። ስለዚህ ከእህል ጋር ይቀላቀላል፣ ሌላ ነገር በተገኘ ቁጥር ጓያው ይቀነሳል። አያቴ ጓያ ስትቀቅል ከድስቱ አጠገብ ታባርረን ነበር። በአገሩ እምነት የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው። እንፋሎቱ አይደለም። ውሃውን ደጅ ወስዳ ስትደፋው ግን ትክክለኛውን ነገር እያደረገች ነበር።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያገባኛል። «ዘር በጥሬው ይበላ» ወደሚለው።

የእናቴ ዘመዶች ጎጃም አዊ ናቸው። እዚያ ግብጦ አለ። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ትልልቅ ፍሬ ነው። ጥሬውን ጥርሳችሁ ላይ ብታደርጉት ምሬቱ ጆሮ ድረስ ይሰማል። የእናቴ እናት መጀመሪያ ትቆላዋለች። ቀጥሎ ጆንያ ውስጥ ትከተውና አፉን አስራ ወንዝ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ጆንያው እንዳይሄድ ድንጋይ ትጭንበታለች። ቀናት ያልፋሉ። በየቀኑ እየሄደች አንድ ፍሬ አውጥታ ልጣ ትቀምሳለች። ፊቷ ከተኮማተረ ይመለሳል። ፊቷ ሳይኮማተር የቀረ ቀን ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለእንግዳ የሚቀርበው።

ያ ምሬት ሉፓኒን የሚባልና ዘመዶቹ የሆኑ አልካሎይዶች (ተክሉ የሚሠራቸው መራራ ኬሚካሎች) ናቸው። በደንብ ያልታጠበ ግብጦ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ልቡ ይመታል፣ ሽንት ይከለክለዋል። አያቴ ሉፓኒን የሚል ቃል በሕይወቷ አልሰማችም። መለኪያ መሣሪያዋ ምላሷ ነበር። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ በውድ ማሽን የማደርገውን እሷ ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብላ ትሠራው ነበር። ጽሑፉ «ሕይወቱ ይወጣል» ያለው ይህን ሥራ ነው። የሚወጣው መርዙ ነው።

ቦሎቄም እንደዚሁ ነው። ቀዩ ቦሎቄ በጥሬው ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን ሞልቶበታል። አራት አምስት ጥሬ ፍሬ ሰውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ በትውከትና በተቅማጥ ሊጥለው ይችላል። ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቀስ ብሎ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት፣ ስሎው ኩከር የሚባለው፣ ለጥሬ ቦሎቄ አይሆንም። ሙቀቱ ስለማይበቃ ሌክቲኑ አይሰበርም፤ እንዲያውም ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ግማሽ ሰዓት ይፍላ። ከዚያ በኋላ በፈለጋችሁት ድስት ጨርሱት። የቆርቆሮው ቦሎቄ የበሰለ ስለሆነ አያሳስብም።

ተልባንም ጽሑፉ ሳይቆላ በባዶ ሆድ አራት ማንኪያ ይላል። ጥሬ ተልባ ሲፈጭ ሳያናይድ የሚባል መርዝ በትንሹ የሚያወጣ ነገር አለው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን አንድ ሁለት ማንኪያ አያስፈራም። ቢሆንም የስዊድን የምግብ ባለሥልጣን የተፈጨ ተልባ አትብሉ ብሎ እስከ መምከር ደርሷል። የኛ እናቶች ተልባ ቆልተው ነው የሚወቅጡት። እሳቱ ለሽታው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ውሃ አብዝታችሁ ጠጡበት። ኪኒን የምትወስዱም ከሆነ ተልባውንና ኪኒኑን አራርቁ፣ ልጋጉ መድኃኒቱን ይይዘዋልና።

ስለ እንጀራም አንድ ነገር። ጤፍ ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረትን ይዞ አላስመጥጥ ይላል። እርሾው ሊጡን ሲያብላላው ፋይቴቱ ይሰበራል። ሊጥን ሁለት ሦስት ቀን ማቡካት የጠቀመን ለጣዕሙ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ አክስቴ።

ጽሑፉ «በየቀኑ ጠዋት አሥር የአፕሪኮት የውስጥ ፍሬ በባዶ ሆድ» ይላል። ከላይ ቫይታሚን ሲ ይጨመርበት ይላል። ራስ ምታትና ማዞር ከመጣ ደግሞ «መርዙ ከሰውነት እየወጣ ነው፣ አትፍሩ» ብሎ ያጽናናል። አክስቴ ስደውልላት አራተኛ ቀኗ ነበር። «ራሴን ፍልጥ ፍልጥ ያደርገኛል፣ ግን ይኸው ሥራውን ጀመረ» አለችኝ ደስ ብሏት።

ያ ደስታዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

ልጅ ሳለን ኮክ በልተን ድንጋዩን በድንጋይ እንሰብር ነበር። ውስጡ ለውዝ የምትመስል መራራ ፍሬ አለች። አፕሪኮትም እንደዚያው ነው። ፍሬዋ ውስጥ ያለው አሚግዳሊን ይባላል። ስትታኘክና ሆድ ውስጥ ስትገባ አሚግዳሊኑ ይፈርስና ሳያናይድ ይወጣዋል። ሳያናይድ ሕዋስ አየር እንዳይጠቀም ያግዳል። ደሙ ውስጥ ኦክሲጅን ሞልቶ ሕዋሱ ይታፈናል። የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ናቸው። «መርዙ እየወጣ ነው» የተባለው ምልክት መርዝ እየገባ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝ ይህ ነው። ሰው ሰውነቱ ሲጮህ እንዳይሰማው ተደረገ።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ስሌቱን አውጥቷል። ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ትናንሽ ጥሬ ፍሬ በላይ፣ ትልቅ ከሆነች ደግሞ የአንዷ ግማሽ ሳትሞላ፣ ከደህናው መጠን ያልፋል። ለሕፃን አንዲት ትንሽ ፍሬ ራሷ ትበዛለች። አክስቴ አሥር እየበላች ነበር።

«ቢ17» ቫይታሚን አይደለም። ቫይታሚን ማለት ሲጎድል የሚያሳምም ነገር ነው። ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ድድ ይደማል። አሚግዳሊን ጎድሎበት የታመመ ሰው የለም። ስሙን ያወጡለት አሜሪካ ውስጥ ላይትሪል ብለው ሲሸጡት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቫይታሚን ከተባለ እንደ መድኃኒት ፈቃድ አያስፈልገውም ከሚል ስሌት ነው።

«ካንሰሩን ብቻ መርጦ ይገድላል» የሚለውም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ባለው ማዮ ክሊኒክ በዶክተር ቻርልስ ሞርቴል የተመራ ጥናት 178 የካንሰር ሕሙማን ላይ ሞከረው። ካንሰሩ አልጠፋም፣ ዕድሜም አልጨመረም። ይልቅ ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ደም ውስጥ ሳያናይዱ ወደ አደገኛው መጠን ተጠጋ። ሳይሞከር ተደብቆ የቀረ ነገር አይደለም። ተሞከረ፣ አልሠራም። ቫይታሚን ሲ በብዛት መጨመር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፣ ሰውነት ሳያናይድን የሚያከሽፍበትን አቅም ስለሚሻማው።

አክስቴን አላቆጣኋትም። ካንሰር ያየ ሰው ፍርሃቱን ማንም አይፈርድበትም። «እትዬ፣ ቢያንስ ለሐኪምሽ ጥቅሉን አሳዪያት» አልኳት። ወሰደችላት። ሐኪሟ ያኔውኑ አስቆመቻት፣ ደሟንም አየችላት። አሁን ደህና ናት፣ ራስ ምታቱም ተወ። እናንተም ቤት ውስጥ የጀመረ ሰው ካለ አስቁሙት። አሜሪካ ያላችሁ የመርዝ መረጃ ማዕከሉን በ1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም ማነጋገር ትችላላችሁ። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ በቀጥታ 911 ነው።

የቀረው «አባቶቻችን በልተው መቶ ዓመት ኖሩ» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም። መቶ ዓመት የኖሩት ይወራላቸዋል። በሁለት ምርኩዝ የሚሄደውን ግን ማንም ተረት አያደርገውም። ደግሞም አባቶቻችን እንደ ጽሑፉ አልበሉም። ዘፈዘፉ፣ ቆሉ፣ ከኩ፣ አቦኩ፣ ቀላቀሉ።

የሚበላው ሰው ማንነትም ይወስናል። ባቄላ ለብዙዎቻችን ምንም አይለንም። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በዘር የጎደለው ልጅ ግን፣ በተለይ እሸቱን ሲበላ፣ ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈራርሳል። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል። ይህ ጉድለት በሜዲትራኒያን ዙሪያና በዓረብ አገሮች በብዛት አለ። ከዚያ አካባቢ ሰው ጋር የተጋባችሁ ወገኖች ልጃችሁን አስመርምሩ። ስኳር ያለባችሁም እንደዚሁ። አብሽ ስኳርን ዝቅ ያደርጋል፣ ይህ እውነት ነው። መድኃኒት እየወሰዳችሁ በብርጭቆ ከጠጣችሁት ግን ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ እየለካችሁ ጠጡ።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡት አንድ ልመና አለኝ። የቀረውን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። የጓያ እሸት ለልጆች ይሰጥ የሚለውን መስመር ግን ዛሬውኑ ያጥፉት። ፎገራና ደምቢያ ላይ ጓያው የሚያፈራበት ወቅት ነው። እረኛ ልጆች ቀኑን ሙሉ ከብት ይዘው የሚውሉት ማሳው ዳር ነው፣ ቁርሳቸውን ሳይበሉ ወጥተው።